አልቤርጎው አይፈርስም

በዲቪ የመጣሁ ሰሞን ክፍል የተከራየሁት ከሲያትል ወደ ኤቨረት በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር ባለ የእንጨት ማደሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ አርጅተው ሲደክሙ «ከእንግዲህ አንቺው ያዢው» ብለው ቤቱን በሙሉ ለረጅም ጊዜ በውል አከራዩኝ። እናቴ ከወሎ መጥታ ገና ከመኪና ስትወርድ ቤቱን ቀና ብላ አየችና፣ «ምነው፣ ይሄማ አልቤርጎ ነው!» አለች። ደሴ መንገድ ላይ ሾፌርና ነጋዴ ስታሳድር የኖረች ሴት ናት።

የቤቱን ታሪክ የነገሩኝ ጎረቤቴ፣ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። የእሳቸው አያት እዚያ ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ያኔ ፖስታ የሚመጣው በፈረስ ሠረገላ ነው። ሠረገላው ደጃፉ ላይ ሲቆም የደከሙት ፈረሶች ተፈትተው ከጓሮ ወዳለው ጋጣ ይገባሉ፤ ያረፉት ይጠመዳሉ። የፖስታው ከረጢት እስኪወርድ ተሳፋሪው ትኩስ ሾርባ ይጠጣል፤ ዝናቡ መንገዱን ካጨቀየው እዚያው ያድራል። ሠረገላው ሲቀር ቤቱ እንጨት ቆራጮችን አሳደረ፤ ከዚያ ኤቨረት ላይ አውሮፕላን የሚገጣጥሙትን፤ በመጨረሻም እኛን መጤዎቹን።

ባለቤቱ ሲሞቱ ልጆቻቸው ቦታውን ለአንድ ገንቢ ኩባንያ ሸጡት። የኩባንያው ሰው መጥቶ አፍርሰው አፓርታማ ሊሠሩ እንደሆነ ነገረኝና፣ «ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን» አለ።

«እኔ ቦታ አልጠፋብኝም» አልኩት። «ውሌ አላለቀም። አልወጣም።»

ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ቤቱ በቅርስነት እንዲጠበቅ ለከተማው አመለከትን። ጉዳዩ የታየ ቀን እናቴን ይዤ ሄድኩ። የኩባንያው ሰው ተነሥቶ፣ «እዚያ ቤት አንድም ታላቅ ሰው አልኖረም። መንገደኛ አድሮ የሄደበት ቤት ነው፤ በቃ» አለ። ለእናቴ ስተረጉምላት ፊቷ ተለዋወጠ። «ተነሽ!» ብላ ክርኔን ጎሸመችኝ። «መንገደኛ ሰው አይደለም ወይ በይው!»

ተነሣሁ። «ይህን አገር ያቀኑት መንገደኞች ናቸው» አልኩ። «አንድ ሌሊት አድረው ያለፉበት ቤት ታሪክ ከሌለው፣ እናንተ ከየት መጣችሁ?» ጎረቤቴ ብቻ አጨበጨቡ።

ቤቱ እንዳይፈርስ ተወሰነ። ጋጣው ግን ጣሪያውና ግድግዳው በየዘመኑ ስለተለወጠ ጥበቃ አይገባውም ተባለ፤ በኪራይ ውሌም ውስጥ አልነበረም።

እኔ ይገባዋል አልኩ። ማፍረሻ መኪናው የመጣ ጠዋት መኪናዬን ጋጣው በር ላይ ገትሬ ፓርክ አደረግኩ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሸቅኩት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና አጠገቤ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«እማዬ፣ ፖሊስ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። ቁርሴን በልቻለሁ።»

መጣም። ወጣት ፖሊስ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በትሕትና ለመነኝ። «ኦኬ፣ እነሣለሁ» አልኩት፤ «ፈረሶቹ ይታሰሩባቸው የነበሩት የብረት ቀለበቶችና የወለሉ ሳንቃ መጀመሪያ ይውጡ።» የኩባንያው ሰው ተቆጣ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመላለሰ። ፖሊሱ ግን፣ «ማውጣት ምን ያህል ይፈጃል?» ሲል ጠየቀው። እንግዶቼ ካናቴራቸውን እንዳደረጉ ከየክፍላቸው ወጡ፤ ጎረቤቴ መዶሻና ጉጠት አቀበሉ። ሁሉም ተነቅሎ ሲያበቃ መኪናዬን አነሣሁ።

ጋጣው ወደቀ። አልቅሻለሁ፤ ግን ቆሜ፣ የኩባንያውን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ ነው ያለቀስኩት።

«አሁን ረካሽ?» አለኝ።

«አልረካሁም» አልኩት። «እንግዶች አሉብኝ፤ መንገዱን ልቀቅልኝ።»

ኩባንያው ውሌን እንድሸጥለት እስካሁን በየጊዜው ሰው ይልካል። እናቴ ሁሉንም በር ላይ ትቀበላቸውና በምታውቃት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ትመልሳቸዋለች፤ «ኖ!» ከዚያ ወደ ጓሮ ትመለሳለች፤ አንሶላው ገና አልተሰጣም።