ደጅይጥኑ የሚባል ስም ያለባቸው ሁለት ቤቶች

ሥራ የጀመርኩት ሰኔ ላይ ነው። የአሶሳ ቀበሌ ጽሕፈት ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘንብ ባለጉዳይ የሚናገረው አይሰማም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ እስኪል ድረስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርቄ ወንበሬን፣ ካሜራውን፣ ለፎቶ ጀርባ የሚሰቀለውን ነጭ ጨርቅና ማህተሙ የሚቆለፍበትን መሳቢያ አሳዩኝ።

"ኮምፒውተር የት ተማርክ?" አሉኝ።

"ፎቶ ኮፒ ቤት። ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ።"

"ደህና። ይኼም ሥራ የሚለመደው እያዩ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝናቡ ተመልሶ ነበር። "ስም ስትጠይቅ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ትጠይቃለህ። ከአያት በላይ አትውጣ። ለምን ብለህም አትጠይቅ።"

"ለምን?" አልኩ።

"አሁን ምን አልኩህ?" አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሥራችን የነዋሪነት መታወቂያ መስጠት፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ ነው። የሚያደክመው የሰው ብዛት አይደለም። መብራት ይጠፋል። ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ኔትወርኩ ሲመጣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ "ነገ ተመለሱ" ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩ ባላስበው ይሻለኛል።

ስም ማወቅ የጀመርኩት ከዚህ ድካም ለመሸሽ ነው። የአካባቢው ተወላጆች በርታዎች ሲጠየቁ የአባት የአባትን ስም በአንድ ትንፋሽ ይደረድራሉ። ከባምባሲ በኩል የሚመጡት የኦሮምኛ ስም ይበዛባቸዋል። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ደግሞ ያገራቸውን ስም እንደ ንግግራቸው ሳይለቁ ይዘውታል። እያደር ስም ሰምቼ ቀበሌ መገመት ለመድኩ። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሙስጠፋ በርታ ነው፤ ባለጉዳይ እያስገባ ይፈትነኝ ነበር።

"ይኼ ሰውዬ የት ነው አገሩ?"

"ከመንጌ።"

"ወላሂ ሸይጣን ነህ አንተ! ስም ሰብስብ፣ ስም ሰብስብ። ስም ይበላል?"

አቶ ሞላ ደጅይጥኑን ያወቅኳቸው ለልጃቸው ለትዕግስት መታወቂያ ሲያወጡ ነው። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ የሚያርሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሸርቆሌ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ደጅይጥኑ የሚል የአያት ስም ከዚያ በፊት ጽፌ አላውቅም ነበር። ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው።

"የአባቴ አባት በርስት ክርክር የሹም ደጅ ሲጠና ጥርሱ ረገፈ አሉ። ወንድ ልጅ ሲወለድለት፣ 'እንግዲህ የዚህን ደጅ ይጥኑ' ብሎ አወጣለት።"

"ታዲያ ጠኑለት?"

"ኧረ ወዲያ! እሱም እስኪሞት የሰው ደጅ ሲጠና ኖረ። እኔም ይኸው ያንተን እጠናለሁ።"

መታወቂያው በዚያው ቀን እንዲያልቅ አደረግሁ።

ከጊዜ በኋላ ትዕግስት ራሷ መጣች። አብሯት ህዳሴ ግድብ ላይ ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሀብታሙ የሚባል የፓዌ ልጅ ነበር። ጋብቻ ሊያስመዘግቡ መስሎኝ ቅጹን ሳብኩ።

"ቆይ፣ አታንሳው" አለች ትዕግስት።

ሀብታሙ ነገረኝ። ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስሙን ከነአያቱ "ሀብታሙ አስማረ ደጅይጥኑ" ብለው ሲናገሩ አቶ ሞላ ተነስተው ወጡ። የመንደሩ ሰው ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ልጅ አይድርም። ቆጠራውን የሚመሩት አቶ ይመር "አያታቸው አንድ ከሆነ እህትና ወንድም ናቸው፤ ምን ይቆጠራል?" አሉ። ትዕግስት አባቷን ብትጠይቅ "አባቴ ደጅይጥኑ ነው" ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

"እንዲህ ያለ ስም ሌላ ቦታም ይኖራል አይደል?" አለችኝ። "ስም ታውቃለህ ይሉሃል።"

"ሊኖር ይችላል።"

"ይኖራል ብለህ ለአቶ ይመር ንገርልንና ገላግለን" አለ ሀብታሙ።

"ፈልጌ ሳላገኝ አልልም።"

ትዕግስት ሳቅ ብላ ወደ እሱ ዞረች። "እንደ አባቴ አይዋሽም፤ ታናሽ ወንድሙ በለው።"

በየወረዳው እንደኔ መዝጋቢ የሆኑ ሰዎችን በስልክ አውቃለሁ። ከምሳ ሰዓቴ እየቀነስኩ ደወልኩ። ባምባሲ የለም። ሆሞሻ የለም። መንጌ ላይ የሚሠራው ልጅ "ይኼ ስም ነው ወይስ ማስታወቂያ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሸርቆሌ የለም። ፓዌ አንድ ቤት ብቻ ተገኘ፤ የሀብታሙ ቤት። አባቱ አስማረ ሞቷል፤ እናቱ አሉ። እንግዲህ በደወልኩባቸው ወረዳዎች ሁሉ ስሙ ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው፤ በመካከላቸውም አባይ አለ።

ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ስም ሊያወጣ ይችላል። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ማወቅ ፈለግኩ፤ የፓዌው ባልደረባዬ ወደ ሀብታሙ እናት ሄዶ እንዲያገናኘኝ ለመንኩት። ስሙ እንዴት እንደወጣ ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው።

"የባለቤቴ አያት በርስት ክርክር ደጅ ሲጠና ጥርሱ ረግፎ አይደል? ልጁ ሲወለድ 'የዚህን ደጅ ይጥኑ' አለ። አስማረ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።"

ሌላም ነገሩኝ። በድርቁ ጊዜ አስማረ ልጅ ሆኖ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ ከአባቱ ጠፋ። ከሌሎች ልጆች ጋር መኪና ላይ ጫኑት፤ ፓዌ ወረደ። አባቱን ያላስጠየቀበት አገር የለም።

"ምነው ልጄ፣ ሰውየው አሉ እንዴ?" አሉኝ።

"አርፈዋል" አልኩ። ስልኩን ይዘው አለቀሱ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ያንለት ለወይዘሮ ብርቄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ከአያት በላይ ወጣህ?"

"ወጣሁ።"

"እንግዲህ መውረጃውን አንተው ፈልግ።"

ቅዳሜ ሀብታሙና ትዕግስት መጡ። ሰውየው አንድ ነው አልኳቸው። ትዕግስት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሀብታሙ ግን "እንዲህ ጠንቅቀህ ባትፈልገው ምን ነበረበት?" አለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መንደሩ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ነገሩን በይፋ ለማፍረስ ነው። እኔም ያገኘሁትን እንድናገር ተጠርቼ ነበር። የደወልኩባቸውን ወረዳዎች፣ የተገኙትን ሁለት ቤቶች፣ የሀብታሙ እናት ያሉትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ትዕግስት ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣ ነበር።

"ሰማችሁ" አሉ አቶ ይመር። "የወንድማማች ልጆች ናቸው። እግዜር ቀድሞ አሳወቀን።"

አቶ ሞላ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ደጅይጥኑ አልወለደኝም" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"እናቴ መጠለያ ውስጥ ሞተች። እሷ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ደጅይጥኑ አስማረ እያለ በየድንኳኑ ይጣራል። ልጁን ሲፈልግ እኔን አገኘ። መኪና ላይ ሲጭኑን 'ልጅህ ነው?' አሉት፤ 'አዎ' አለ። ለሰው እንዳትናገር፣ ካወቁ ያለያዩናል አለኝ። ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅ። አስማረ ሞቷል ብሎ ነው እሱ የሞተው።"

አንዲት ሴት "እንዲህ ነዋ!" ብላ እልል ልትል ስትል አቶ ይመር በእጃቸው አስቆሟት።

"ቆይ። ሞላ፣ ማር አጥብቶህ ነበር?"

ይህን ጥያቄ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እነሱ ዘንድ ያልወለደውን ልጅ የራሱ የሚያደርግ ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። የጠባ ልጅ ከሥጋ ልጅ አይለይም፤ ሰባት ቤትም በእሱ ይቆጠራል። አቶ ሞላ "አላጠባኝም" ካሉ ሰርጉ አለ። ሌላ ምስክር የለም። ይህን የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"ማር ከየት ይምጣ? ሰው እየረገፈ" አሉ። "ማር አልነበረም።"

"እንግዲያው..."

"ስኳር ግን ነበር።"

"የምን ስኳር?"

"የእርዳታ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ስኳሩ ውስጥ ነክሮ አጠባኝ። 'በቃ፣ የኔ ነህ' አለኝ።"

"አባዬ!" አለች ትዕግስት።

ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ በሱ አልዋሽም።"

ሽማግሌዎቹ ጭቅጭቅ ገጠሙ። አንዱ ዋናው ጣቱ ነው አለ። ሌላው ጣት ያለ ማር ምን ያደርጋል አለ። አንዱ ደግሞ "የመንግሥት ስኳር አባት የሚያደርግ ከሆነ ሁላችንም የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ያልላሰ ማን አለ?" አለና ሰዉን አሳቀ። አቶ ሞላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ተቀመጥ ያላቸው የለም።

አቶ ይመር ትዕግስትን አዩዋት። አቶ ሞላን አላዩም።

"ሥርዓቱ ማር ነው" አሉ በመጨረሻ። "አባቶቻችን ስኳር አላሉም። ልጅነቱ አልጸናም። ይጋቡ።"

እልልታው ቀለጠ። ትዕግስት ሮጣ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ሀብታሙም ሳመ። ሰዉ እየመጣ እንኳን ደስ አለህ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" ብለው መለሱ። ሰው ሲቀልላቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ተዝካሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። "መቃብሩንም የማርመው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አልኩ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የሀብታሙ እናት ከፓዌ መጡ። በማግስቱ የአማታቸውን መቃብር ማየት ፈለጉ፤ መንገዱን የመሩት አቶ ሞላ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አድርሰዋቸው ራሳቸው ውጭ ቀሩ አሉ። ይህን የነገረችኝ ትዕግስት ናት፤ ስትነግረኝ ያለ ሰርግ ልብስ፣ ለጋብቻው ምስክር ወረቀት መጥታ ነበር። የሁለቱንም አያት ስም ጻፍኩ፤ ደጅይጥኑ፣ ደጅይጥኑ። ወይዘሮ ብርቄ ሁለቱን አዩና ፈረሙ። ማህተሙን ረገጥኩ።

ክረምት ሲገባ አቶ ሞላ መታወቂያ ሊያሳድሱ መጡ። ሙስጠፋ ከሰልፉ አውጥቶ አስገባቸው።

"አባቱ የሙሽራ! ዳቦው የት አለ? ለእኔ አልመጣም።"

"በሚቀጥለው፣ ሙስጠፋ" አሉት። ከስተዋል።

ነጩን ጨርቅ ሰቀልኩ። ባርኔጣቸውን አስወልቄ ፎቶ አነሳኋቸው። ተቀመጡ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። እንደ ደንቡ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠየቅኩ።

"ስም?"

"ሞላ።"

ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። አንዴ ተናገሩ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ዋጠው። ደግሜ "ምን አሉ?" አላልኩም። እጄን ዘርግቼ አሮጌውን መታወቂያ ወሰድኩና እያየሁ ጻፍኩ። ሞላ። ደጅይጥኑ። አትሜ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው አነበቡት፤ ኪሳቸው ከተቱት፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ጋር ሠርቻለሁ፤ አሁን አዳዲስ ልጆች እየተቀጠሩ ነው፤ የሚነገራቸውንም እኔ ነኝ የምነግራቸው። መታወቂያ ሲታደስ የአባት ስም ከአሮጌው ይገለበጣል። ባለቤቱ አይጠየቅም።