ተልኬ ነው

ሽሮ ሜዳ ሸማ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ ወሬ አላበዛም። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ለእናቷ ያዘዘችውን ጋቢ ሰው ልካ እንደምታስወስድ ነገረችኝ። ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ ገባና "አባባ፣ ወደ እርስዎ ተልኬ ነው" አለኝ። ሌላ ሳልጠይቅ ጋቢውን አስታቀፍኩት። ደንገጥ ብሎ መረቀኝና ወጣ።

ወዲያው የደንበኛዬ ወንድም መጣ። ነገሩን ብነግረው ሳቀ።

"ጋቢ ታቅፎ ሽቅብ ሲሄድ ያየሁትማ ቤት ለቤት ወንጌል የሚሰብከው ሰውዬ ነው። በሉ ሄደው ያምጡልኝ፤ እናቴ እየጠበቀች ነው።"

ምርኩዜን ይዤ የቁስቋምን ዳገት ተያያዝኩት። ባዶ እጄን እንደማልመለስ ለራሴ ምያለሁ። መታጠፊያው ላይ ደረስኩበት። ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋብኛል። የተከተሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ቃሉን ፈልገው ነው አይደል?"

"አይ ልጄ" አልኩት፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ፣ "እኔም እንዳንተው ተልኬ ነው፤ ለጋቢው።"