ኮምፒውተሩ ያወጣው ዕጣ

በደርግ ጊዜ ከወሎ ሰፈር ወረድ ብሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣልን። ለእኛ የተሰበረ መስኮት ማስጠገን ያቃተው መሥሪያ ቤት ለእሱ ማቀዝቀዣ ገዛለት። እኔም ጣቶችሽ ፈጣን ናቸው ተብዬ የፕሮግራም ኮርስ ተላክሁ። የጣት ፍጥነትና ፕሮግራም ምን እንደሚያገናኛቸው የጠየቀ የለም።

ከኮርሱ እንደተመለስኩ፣ ከክፍላችን አንድ ሰው ለሰፈራ ሥራ ወደ ምዕራብ ይላክ የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ስድስት ነን። መሄድ የሚፈልግ አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ሊነካ የማይገባው አጠገቤ የሚቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ሞቶባቸዋል። ኃላፊያችን ይህን እያወቀ፣ «ችግር የሌለበት ማን አለ? ኮምፒውተሩ ዕጣ ያውጣ፤ እሱ ዘመድ የለውም» አለና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

ለእያንዳንዳችን ቁጥር ሰጥቼ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ካሉት አንዱን በዘፈቀደ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። እንዳያዳላ ለማረጋገጥ ስድስት መቶ ጊዜ እየደጋገመ እንዲያወጣና እያንዳንዱ ቁጥር ስንቴ እንደወጣ እንዲቆጥር አዘዝኩት። ሲጨርስ አምስቱ ቁጥሮች ዜሮ፣ አንዱ ብቻ አንድ። ስድስት መቶው የት ገባ? ግማሽ ቀን አንገበገበኝ። ለካ ቆጠራውን ከዜሮ ጀምር የሚለውን መስመር የጻፍኩት ከድግግሞሹ በፊት ሳይሆን ውስጡ ነው፤ በየዙሩ የቆጠረውን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ንጹሕ ወረቀት የማስገባት ልማዴ ነው ያሳሳተኝ። መስመሩን ወደ ላይ ሳወጣው እያንዳንዱ ቁጥር መቶ ግድም ሆነ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሁሉም ተሰብስበው ሳለ ማሽኑን አብርቼ ዕጣውን አወጣሁ። አራት። የመዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ቁጥር ነው። ፊቱን ማየት አቃተኝ። ግን ጠዋት ብቻዬን ስሞክረውም ማሽኑ እንደበራ መጀመሪያ የወጣው አራት እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ጓድ፣ አንዴ አጥፍቼ ላብራው» አልኩ።

አራት። ደግሜ አጠፋሁት። አሁንም አራት። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር እነዚያኑ ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል ነበር የሚያወጣቸው። መነሻውን በየጊዜው የሚቀይር ትእዛዝ እንዳለ ኮርሱ ላይ የነገረን የለም።

«ይሄ ዕጣ አይደለም፤ ገና ሳንሰበሰብ ተመርጦ ያለቀ ሰው ነው» አልኩ። ኃላፊው ገላመጠኝ፤ ካድሬ ነበርና ፈራሁት። ማሽኑ ላይ ያለውን አራት አይቶ ግን «እንግዲያው በወረቀት ይሁን» አለ።

ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አለኝ።

ስድስት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥሮቻችንን ጽፈን፣ ጠቅልለን የዘበኛው ኮፍያ ውስጥ ከተትን። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ አንዱን አወጣ። ኃላፊው ገልጦ አየውና ወደ እኛ አዞረው። አራት።

ይህኛው እውነተኛ ዕጣ ነበር። ስድስት መቶ ዙር ቢሆን ለሁላችንም እኩል ይደርሰን ነበር። እሱ ግን የነበረው አንድ ዙር ብቻ ነው። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳና «ሚስቴን አደራ» አለኝ። መቆጣት ፈለግሁ፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ።