ባቡሩ የሚያልፍበት ግድግዳ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ የሰው ግድግዳ እየመረግሁ ቆሜ ሕልም አየሁ... ዓይኔ ክፍት ነበር። እጄም ሥራውን አላቆመም። ጉዱ የመጣው እንዲያውም እጄ ባለማቆሙ ነው።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ የሰሊጥ አረም እስኪደርስ ድረስ የጭቃ ቤት እመርጋለሁ። እዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ሰው ሁሉ ቤቱን ጭቃ ያለብሳል። እበትና ገለባ ከጭቃው ጋር ይቦካና ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ሱዳኖቹ «ዝባላ» ይሉታል። ስለ ሽታው ባላወራላችሁ ይሻላል።

የቤቱ ባለቤት እትየ ትርንጎ ይባላሉ። በድርቁ ዘመን ከጎንደር በእግራቸው መጥተው እዚሁ የቀሩ ባልቴት ናቸው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት እጄን ይዘው በመንገዱ በኩል ወዳለው ግድግዳ ወሰዱኝና በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አሳዩኝ። ዙሪያዋን ምረግ፣ እሷን ግን እንዳትነካብኝ፣ አደራ አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።

የቁጥሯን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከከተማው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ፈጣን ባቡር ሊሠራ ነው ተብሎ፣ ባለ ሦስት እግር መነጽር የተሸከሙ ቀያሾች መጥተው ነበር። ሐዲዱ የሚያልፍባቸው ቤቶች ላይ ቁጥር ጻፉ። ቁጥር ያለው ሰው ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ቦታ ያገኛል አሉ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ነጋዴው በእህል ገበያው በኩል ካላለፈ አለ። ሌላው ደግሞ አውሮፕላን በስንት ጊዜ አንዴ ለሚያርፍበት ሜዳ የምን ባቡር ነው፣ መጀመሪያ ጭቃውን መንገድ ሥሩልን አለ። አንዴ መስመሩ ተቀየረ ተባለ፣ አንዴ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጦርነቱ ሲመጣ ቀያሾቹም ተከራካሪዎቹም የት እንደገቡ ጠፋ። ቀርቷል ብሎ የነገረን ግን እስከ ዛሬ የለም።

እትየ ትርንጎ የስደተኛ ካርዳቸው ከጠፋ ቆይቷል። ለቤቱም ወረቀት የላቸውም። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለ ብሎ መንግሥት የጻፈላቸው ነገር ቢኖር ያቺ ቁጥር ብቻ ናት። ስለዚህ በየዓመቱ ዙሪያዋን ያስመርጋሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ይጋርዱላታል። ስድስት ክረምት እንዲህ አሳልፈዋታል።

እኔ ደግሞ መምረጌን ቀጠልኩ... ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፣ ጭቃው ለስልሷል፣ እጄ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ...

ባቡሩን አየሁት። ከእህል ገበያው ጀርባ ተሳፍሬ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ባቡሩ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ሪክሻ የሚሏቸው ባጃጆች፣ ጭነት መኪኖቹ፣ የማሽላው እርሻ ሁሉ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይንሳፈፋሉ። ወረቀትህን አሳይ የሚለኝ ሰው የለም። የምሄድበትንም አላውቀው፤ ብቻ ደስ ብሎኛል...

«ወላሂ... ቁጥሯስ?»

ከባቡሩ ያወረዱኝ የሚቀጥለው ቤት ጎረቤት ሼህ ሰይድ ናቸው። ራቅ ብዬ ግድግዳውን አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ሆኗል። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ መርጌ አላውቅም።

ውሃ አምጥተን እኔና ሼሁ ጭቃውን ቀስ አድርገን አጠብነው። ግን ፀሐይ የበላው ቀለም ከጭቃው ጋር አብሮ ተላቀቀ፤ ቀይ ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ባቡሩ ያላፈረሰውን ቤት እኔ ያፈረስኩት መሰለኝ።

እትየ ትርንጎ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደጅ ካለው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወረቀቴ እኮ እሷ ነበረች» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም።

ሼህ ሰይድ አይዞሽ፣ ቁጥሩ በሰዎቹ መዝገብ ላይ አለ አሏቸው። መዝገቡ ከጦርነቱ መትረፉን ማን አየ ብለው መለሱ። እኔ ደግሞ አሁኑኑ ቀይ ቀለም ገዝቼ እንደነበረ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሳችን የጻፍነውን ቁጥር ማን ያምነናል አሉ።

እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው። እትየ ትርንጎ ከአልጋው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና ጭቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«በል እንደገና ምረገው። ሳይደርቅ ስሜን ጻፍልኝ» አሉ።

መረግሁት። በእርጥቡ ጭቃ ላይ በጣቴ፣ በትልልቁ፣ ትርንጎ ብዬ ጻፍኩ። ቀያሾቹ አማርኛ አያነቡም ብለው ሼህ ሰይድ ከሥሩ በዐረብኛ ደገሙት። እትየ ትርንጎ ማንበብ አይችሉም። ቀርበው የእኔን ፊደል አንድ በአንድ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩት። ስማቸው በአማርኛ ተጽፎ ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው፤ ጭቃ ገባብኝ ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

«ይኸው ነው? በአራት ፊደል አለቅሁ?»

«አዎ እትየ።»

«የአባቴንም ጨምርበት። ባቡሩ ፈጣን ነው እያላችሁ አይደል... ከሩቅ ይየኝ።»

የአባታቸውን ጻፍኩ፣ የአያታቸውን ጻፍኩ። እሳቸው ቆመው ይጠራሉ፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ቅድመ አያታቸው ላይ ስንደርስ ግድግዳው አለቀብን።