በሰው መልስ የገባሁበት ማኅበር

የብልሆች ማኅበር አባል ነኝ። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማኅበሩ አይኪው የሚባለውን ከባድ የማሰብ ችሎታ ፈተና ሰጥቶ ከተፈታኙ ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል። የአባልነት ካርዴ ስልኬ ውስጥ አለ። ሞጣ ላይ ላሳየው የምፈልገው ሰው የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ሐሳቡ የጓደኛዬ ነበር። ብቸና አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረን፣ አሁን ሞጣ አንድ ትምህርት ቤት እንሠራለን። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እሱ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ ተማሪ ፊት የምኩራራበትን መሣሪያ ያዘጋጃል፣ ሲበላሽ ይጠግናል፣ ስሳሳት ደግሞ ከኋላ ሆኖ ዝም ይለኛል። የአሥረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የተፈተነው ታይፎይድ ይዞት ነው። ያመጣው ነጥብ ከዲፕሎማ አላሳለፈውም፤ እሱም ያን ነጥብ የጭንቅላቱ ልክ አድርጎ ተቀብሎት ኖረ።

ተቋርጦ የቆየው ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን ስለ ማኅበሩ ስልኩ ላይ አነበበ፤ ፈታኞች ባሕር ዳር እንደሚመጡም አየ። በኤክስቴንሽን ዲግሪ ለመማር ፎርም ከሞላ ወራት አልፎታል፤ ግን ማስገባቱን ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።

«ይኼን ካለፍሁ እመዘገባለሁ። ከወደቅሁ ግን ልኬን አወቅሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ስለ ዲግሪ አላወራም» አለኝ።

ብቻውን እንዳይሄድ አብሬው ሄድሁ። እዚያ ድረስ ከሄድሁ አይቀር ብዬ ለፈተናው እኔም ተመዘገብሁ።

ፈተናው የተሰጠው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥያቄው ሁሉ ሥዕል ነበር፤ ክብ፣ መስመርና ነጠብጣብ በሳጥን በሳጥን ተደርድረው አንዱ ሳጥን ባዶ ይተዋል። ለባዶው የሚሆነውን ከታች ካሉት ምርጫዎች ለይቶ ማጥቆር ነው። ጓደኛዬ አመሉን ይዞ መጣ። እሱ መልሱን ስላገኘ ብቻ አያጠቁርም፤ የቀሩት ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ለምን ስህተት እንደሆኑ ካላወቀ እጁ አይታዘዝለትም። አምፖል እምቢ ሲል እንኳ አምፖሉን ቀይሮ ዝም አይልም፤ የተቃጠለበትን ምክንያት ሳያገኝ አይተኛም።

እኔ የከበዱኝን ሰባት ጥያቄዎች እየዘለልሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ሄድሁ። ወደ ኋላ ስመለስ ሰባቱን እሱ ሠርቷቸው ነበር። ግራኝ ስለሆነ የመልስ ወረቀቱ በቀኙ ላለ ሰው ወለል ብሎ ይታያል፤ ብቸና እያለንም በቀኙ የምቀመጠው በምክንያት ነበር። ያኔ የዴስክ ጓደኛን መልስ ማየት እንደ ስርቆት አይቆጠርም፤ የሚነወረው ወረቀቱን የሚሸፍን ልጅ ነው። አሁን ግን የኮረጀ ተማሪ ካገኘሁ ወረቀቱን የምቀማ መምህር ነኝ። ዓይኔ አላማከረኝም። ሰባቱንም ወሰድሁ። ፈታኟ አላየችኝም፤ እሱም አንገቱን ቀና አላደረገም። የመጨረሻውን ገጽ ሳይገልጥ ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ በኢሜይል መጣ። አለፈ ወይም አላለፈም ይላል እንጂ ዝርዝር የለውም። እኔ አልፌያለሁ፤ እሱ አላለፈም። እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» ያለኝ ከልቡ ነበር። አፈርሁ። እንግሊዝኛው ከእኔ ስለሚሻል የአባልነቱን ማመልከቻ እንኳ የሞላልኝ እሱ ነው። ስለ ዲግሪው ግን እንዳለው ዳግመኛ አላነሳም። ዛሬ ነገርሁት ነገ ነገርሁት ስል ሁለት ወር አለፈ።

ለፋሲካ ብቸና ቤተሰብ ልንጠይቅ ሄደን፣ ለመመለስ ወደ መናኸሪያ ስንወርድ ነገርሁት። የዲግሪው ምዝገባ ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ያን ፈተና ያለፍሁት ከአንተ ኮርጄ ነው» አልሁት።

ሳቀ። «ከእኔ ብትኮርጅማ አብረኸኝ ትወድቅ ነበር።»

«የኮረጅሁት ሰባት ጥያቄ ነው። አንተን የጣለህ ስህተት አይደለም፤ ሰዓት ነው። የመጨረሻውን ገጽ መቼ ነካኸው?»

ቆመ። ነገሩን ሲያገላብጠው አየሁት። አመነኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሊቀየመኝ ነው ብዬም ፈራሁ።

«ቆይ እስቲ፣ የትኞቹን ነው የኮረጅኸው?» አለኝ።

ተራ ቁጥራቸውን አላስታወስሁም። ሥዕሎቹንም ብል አንዱን እንኳ መግለጽ አቃተኝ። ራሴ የሠራኋቸውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ እነዚያን ግን መቼ ልብ ብዬ አየኋቸውና፣ ያየሁት የእሱን ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። «ክብ ያለበት ነበር» አልሁ። ክብ የሌለበት ጥያቄ አልነበረም።

ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አይ ወንድሜ! እኔን ለማጽናናት ይኼን ሁሉ ፈጥረህ መጣህ? በል ተወው፣ እኔ እንደሁ አልከፋኝም። የማኅበሩ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ እውነትም ጭንቅላት አለህ።»

እስከ ሞጣ ድረስ ደጋግሜ ማልሁለት። በማልሁ ቁጥር ይበልጥ ወደደኝ። ምዝገባው በሳምንቱ ዓርብ ተዘጋ፤ ያን ቀን እሱ ላብራቶሪ ውስጥ ለእኔ ክፍለ ጊዜ መሣሪያ ሲያዘጋጅ ዋለ።