ዘመድ ያለበት አገር

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዓመት ሞላው፤ ቤታችን ውስጥ ግን ዛሬም በየሰበቡ ይነሳል። በተነሳ ቁጥር እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ለምን ዝም እንደምል ስለማያውቁ "ይሄ ልጅ ቂም ያዘ" ይሉኛል። እዚህ የምጽፈው ቤት ውስጥ ልናገረው ስለማልችል ነው። ስሞቹን ለውጫለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።

የሆቴል አስተዳደር ተማሪ ነኝ። ኮሌጃችን አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ለአራት ተማሪዎች ውጭ አገር የሦስት ወር ኢንተርንሺፕ አገኘ። ከአራቱ አንዱ እኔ ሆንኩ። ምርጫው ቱርክ፣ ዱባይ ወይም ሩዋንዳ ነበር። ደሞዝ የለውም፤ የአውሮፕላን ትኬት ከራስ ነው፤ ማረፊያና ምግብ እንደየሆቴሉ ይለያያል። መምህራችን "እስከ አርብ መርጣችሁ ፈርሙ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ልቀይር ብሎ ነገር የለም" አሉን።

ለኔ ምርጫው ቀላል ነበር። አባቴ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እናቴ ቤት ነው የምትውለው። ለትኬቱ አባዬ የዕቁብ ባልደረቦቹን ለምኖ ተራውን አስቀድሟል። ከዚያ ወዲያ አንድ ብር የሚመጣበት ቀዳዳ የለንም።

ስለዚህ ሦስቱን አገሮች ደብተር ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩና መሰረዝ ጀመርኩ። ቱርክ ገና በትኬቷ ወደቀች። የዱባዩ ሆቴል ትልቅ ነው፤ ስሙን ያልሰማ የለም፤ ግን ምሳ ብቻ አብልቶ ማደሪያህን ራስህ ፈልግ ይላል። የዱባይን የቤት ኪራይ እኔ ልከፍል! የኪጋሊው ሆቴል መካከለኛ ነው፤ ግን ለተለማማጅ አልጋ ይሰጣል፤ በቀን ሁለቴ ይመግባል። የቪዛውም ጣጣ ቀላል ነው ተባልን። ኪጋሊን በእስክሪብቶ ከበብኩና እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አባዬ ከሥራ እስኪመጣ ድረስ ነበር።

"ኪጋሊ ደግሞ ምን ውጭ ነው?" አለ ጫማውን እያወለቀ። "ለሰው ምን ብዬ ነው የምናገረው?"

"ኪጋሊ ሄደ ትላለሃ።"

"ጅማ ሄደ ከማለት በምን ይለያል?"

እማዬ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። "ማን አለን እዚያ?" አለችኝ። ማንም እንደሌለን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብትታመም ማን ውሃ ያቀብልሃል፣ ብትሞት ማን ይደውልልናል። ሦስት ወር ልሠራ ነው እንጂ ልሞት አይደለም ብላት ማን ሊሰማኝ። እኛ ቤት ስለ አንድ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ኑሮው እንዴት ነው አይደለም፤ ሥራው ምን ያስተምራል አይደለም። ማን አለን ነው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ። ሱቅ ሳሙና ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ "ከሄድክ አይቀር ካናዳ ሂድ" አለኝ። ካናዳ ምርጫው ውስጥ የለም አልኩት። "ሞክራ!" አለኝ፣ እኔ ሰንፌ ያስቀረሁት አስመስሎ። ሳሙናዬን ይዤ እየተብከነከንኩ ገባሁ።

ረቡዕ ዕለት አክስቴ ጥሩነሽ ከሳንሱሲ መጣች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አንድ ልጇ ሲሳይ ዱባይ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ሃይስኩል የተማረው እኛ ቤት ሆኖ ስለነበር ለኔ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። "ካምፓኒ ውስጥ ነው የሚሠራው" ትላለች አክስቴ፤ ከዚያ በላይ እሷም አታውቅ፣ እኛም አልጠየቅን። ፎቶ ሲልክ ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ፊት ለፊት መነጽር አድርጎ ቆሞ ነው። የአክስቴን ቤት ወለል ሴራሚክ ያስነጠፈው እሱ ነው፤ ፍሪጁንም የገዛው እሱ ነው።

"ልጄ እዚያ ቤት ይዞ ተቀምጦ፣ የወንድሜ ልጅ የማንም ሰው አገር ሄዶ ሊንከራተት?" አለች ገና ሳትቀመጥ። ወዲያው ስልኳን አውጥታ በኢሞ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ላውድ አደረገችው።

"ሲሳይዬ፣ ኪሩቤል ሊመጣልህ ነው! ሦስት ወር አንተ ዘንድ ያርፋል፤ አይደል ልጄ?"

ስልኩ ዝም አለ።

"ኔትወርኩ ነው" አለች አክስቴ፣ ወደ መስኮቱ እየተጠጋች። "ሰማኸኝ? ጋሼም እዚሁ አለ፤ ሁላችንም እየሰማንህ ነው።"

"እ... ይምጣ" አለ ሲሳይ። "ይምጣ እንጂ። ምን ችግር አለው።"

አባዬ ስልኩን ተቀብሎ እስኪበቃው መረቀው። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። በዚያች ደቂቃ ኪጋሊ የሚባል ከተማ ከቤታችን ወጣ። እኔም እውነቱን ልናገር፤ ትልቁ ሆቴል ልቤ ውስጥ ገባ። የነጻ ማረፊያ ካለ ማን ዱባይን ይጠላል? ስልኩን ተቀብዬ ወደ በረንዳ ወጣ ብዬ "ሲሳይ፣ እውነት ይመችሃል?" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አርብ ዱባይ ብዬ ፈረምኩ። የኪጋሊው ቦታ ከአራታችን ለአንዱ፣ ተራ ይጠብቅ ለነበረ የክፍል ጓደኛዬ ተሰጠ።

ሳምንት ሳይሞላ የዱባዩ ሆቴል አንድ ወረቀት ጠየቀ። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ተለማማጅ የዘመዱን የቤት ኪራይ ውል ቅጂና "እኔ ዘንድ ያርፋል" የሚል የተፈረመበት ደብዳቤ ማምጣት አለበት። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ለመላክ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ያኔውኑ ለሲሳይ ጻፍኩለት።

"ነገ እልክልሃለሁ ወንድሜ" አለኝ።

ነገ ሆነ፤ የለም። በሦስተኛው ቀን "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ መልእክቴን ያነባል፣ አይመልስም። እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ኢሞ ላይ መኖሩን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ እሱ ግን የለም። መምህራችን ጠዋት ጠዋት "ወረቀቱስ?" ይሉኛል፤ እኔም "ነገ" እላለሁ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነገ አልኳቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቢሯቸው ገብቼ "ኪጋሊ ልመለስ?" አልኩ።

"ፈርመሃል እኮ ኪሩቤል። ቦታው ተይዟል።" ከዚያም "ለመሆኑ የሥጋ ዘመድህ ነው?" አሉኝ።

ያቺ ጥያቄ አንገበገበችኝ። ከቢሮው እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለሲሳይ ጻፍኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "አንተ አራት ዓመት እኛ ቤት ስትኖር ቤቱ ጠበበ ያለህ አለ? እኔን ለሦስት ወር አንድ ጥግ ነፈግከኝ። ተወው፣ አልመጣም። ቤትህን ታቅፈህ ተቀመጥ።" አነበበው። አልመለሰም።

አባዬም ሳንሱሲ ድረስ ሄደ። ምን እንደተባባሉ በሙሉ አላውቅም። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አክስቴ "ልጄን አትናገርብኝ፤ ያንተው ልጅ ምን ብሎ አስቀይሞት ይሆናል" ብላዋለች። እሱም የማይባል ነገር ሳይላት አልቀረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጠያየቁም። በፋሲካ እንኳ እሷ አልመጣችም፤ እሱም አልሄደም።

ወረቀቱ የሚቀርብበት ቀን አለፈ፤ ስሜ ተሰረዘ። ሦስቱ ሄዱ፤ እኔ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለ ሆቴል ወጥ ቤት ተመደብኩ። ሦስት ወር ሽንኩርት ስልጥ፣ ድንች ስልጥ፣ የኪጋሊው ጓደኛዬ ነጭ ዩኒፎርም ለብሶ ፎቶ ይልክልኛል። አንድ ቀን አልጋውን ሳይቀር አንስቶ ላከልኝ፤ የተነጠፈች፣ መስኮት ሥር ያለች። ደስ ይበልህ አልኩት። ደስ አላለኝም። በቅናት ተቃጠልኩ።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሳይ በቪዲዮ ደወለ። ላነሳው አልፈለግኩም፤ ልሰድበው ብዬ አነሳሁት። ከስቷል። ጠባብ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ያን የጻፍክልኝን ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ" አለ። "አትቆጣ። ቤቴን ላሳይህ።"

ካሜራውን አዙሮ በቀስታ አንድ በር ገፋ አደረገ። ባለ ሁለት ፎቅ የብረት አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ስምንት ናቸው። ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር፣ ልብሱ ከብረቱ ላይ። ከታችኞቹ በአንዱ ላይ አንድ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

"እሷ ናት የኔ" አለኝ ሲሳይ በሹክሹክታ። "አሁን ተረኛው ተኝቶባታል። እሱ ማታ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እኔ ቀን የሱቅ በር ላይ ጥበቃ እቆማለሁ፣ ማታ እተኛለሁ። ለሁለት አንድ አልጋ ነው ካምፓኒው የሚሰጠን። ዛሬ እረፍቴ ነው፤ እረፍት ሲኖረኝ የምቀመጥበት የለኝም።"

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

"የኪራይ ውል ላክ ስትለኝ ምኑን ልላክልህ?" አለ። "በጋሼ ፊት፣ በእናቴ ፊት፣ ሁሉም እየሰማ እንዴት አድርጌ አይሆንም ልበል?"

"ለብቻዬ ብትነግረኝስ?"

"ሦስቴ ጻፍኩልህ። ሦስቴ አጠፋሁት።" ከዚያ በሩን ዘጋ። "ለእናቴ እንዳትነግር። ሴራሚኩን በረገጠች ቁጥር ይቺን አልጋ እንድታስባት አልፈልግም። ማልልኝ።"

ማልኩለት።

አሁንም እናደዳለሁ። በኪጋሊ እናደዳለሁ፤ በራሴ እጅ የከበብኩትን በሰው ወሬ ተውኩት። ሲሳይ ላይም እናደዳለሁ፤ አንዲት መስመር ብትደርሰኝ ኖሮ እተርፍ ነበር። አባዬ "ያ ስስታም" ባለ ቁጥር ተነስቼ መጮህ ያምረኛል፤ መሐላዬ ይይዘኛል። ወንድምና እህት በማያውቁት ነገር ተኳርፈው፣ የማውቀው እኔ መካከላቸው እንደ ዲዳ ተቀምጫለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሳይ ጋ ደውለናል። ፍሪጅ ጠይቀነዋል፣ ስልክ ጠይቀነዋል፣ አንድ ዓመት የኔን የትምህርት ቤት ክፍያ ጠይቀነዋል። ደህና ነህ ወይ እንላለን፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። የት ነው የምትተኛው ያለው ሰው የለም።

የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም የጠየቅኩት ልተኛበት ፈልጌ ነው።