ቀጣሪ የሌላት አስተማሪ ቪዛ ስትጠይቅ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ አስተምራለሁ። ዓምና አንድ አገር በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የአንድ ዓመት ቪዛ እንደሚሰጥ ሰማሁና ቅጹን በጉጉት መሙላት ጀመርኩ። «ከቀጣሪዎ የተጻፈ ደብዳቤ ያያይዙ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ቀጣሪ የለኝማ!

ሰፈራችን ካለው ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት አሉ። የሰፈሩ ሰው ወረቀት ግራ ሲያጋባው የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። እኔም ሄድኩ።

«ቀጣሪሽ ማን ነው?» አሉኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«ማንም። ለራሴ ነው የምሠራው።»

«እና አንቺው ስለ አንቺ ልትመሰክሪ ነው? ይሄ በየትኛውም ችሎት አያስኬድሽም!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ተማሪዎች የሉሽም? እነሱ ይመስክሩልሽ።»

ተማሪዎቼን ለመንኳቸው። በሳምንቱ ስድስት ደብዳቤ ደረሰኝ። አምስቱ በእንግሊዝኛ፣ ያማሩ ናቸው። ስድስተኛውን የጻፉት ከኢትዮጵያዊት ምራታቸው ጋር ለማውራት የሚማሩ ጡረተኛ ወንድ ነርስ ናቸው፤ በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፦

«እኔ አንድ ዓመት አማርኛ ተማረች። አስተማሪዬ በጣም ጎበዝ ነው። እኔ ስሳሳት አይስቅም፤ ቆይቶ ትስቃለች።»

ይህን ያየ ሰው ምን ዓይነት አስተማሪ ናት ይለኛል? እንዲያርሙልኝ ወደ አዛውንቱ ሮጥኩ። እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ወረቀቱን መለሱልኝ።

«እንዳትነኪው! ምስክር የሰጠው ቃል አይታረምም።»

«ያሳፍራል እኮ፣ አባባ።»

«ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ሰውዬው አንቺን ብሎ እኮ ነው እንዲህ የለፋው።»

እንዳለ ላክሁት።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። እናቴ ሰሃን እንዳይንኳኳ ብላ ወጥ ቤት ውስጥ ድርቅ ብላ ቆማለች። ጠያቂዋ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና፣

«አስተርጓሚያችን ይህ ደብዳቤ ስህተት የበዛበት ነው ብሎናል። በእርግጥ የእርስዎ ተማሪ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የእኔ ናቸው። ዓምና አንድ ፊደል አይለዩም ነበር፤ ዘንድሮ በአማርኛ ይቀልዳሉ። ወንድና ሴት መለየቱ ግን ለጊዜው አሸንፎናል።»

ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «እውነት ቆይተው ይስቃሉ?»

«ቢበዛ አምስት ሰከንድ ነው የምችለው።»

ያኔ እሷም አልቻለችም፤ ሳቀች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁርስ ላይ ሳለን መልሱ በኢሜይል መጣ፤ ተፈቅዷል። ጩኸቴ ጎረቤት አስወጣ። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። የሚከፋት መስሎኝ ነበር።

«ለሁለት ሰው አይሆንም?» አለች።

ቅጹን ድጋሚ ከፈትኩት። ለካ ለወላጅም ማመልከት ይቻላል! ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን ተሠርታ ጌጃ ሰፈር ፎቶ ቤት ሄድን። ለፓስፖርት ፎቶ መሳቅ አይፈቀድም ቢሏት አልሆነላትም፤ ፎቶ አንሺው አራት ጊዜ ደጋግሞ አነሳት።